በጥቅምት አንድ አጥንት፣ ሂማሊያ ላይስ ስንት?

ጅማ ውስጥ ሰው ውጭ አገር ሲሄድ ብቻውን አይሄድም። ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚሄደው። ፓስፖርቱ ያለው አንዱ ጋ ስለሆነ ነው እንጂ።

ለሁለት ሳምንት ስልጠና ላዳክ ሂድ ተባልኩ። ላዳክ ሕንድ ሰሜን ጫፍ ላይ፣ ሂማሊያ ውስጥ ነው። እዚያ በብርዱ ወራት ውሃ በቱቦ ወደ ላይ እየረጩ እንደ ጎጆ የሾለ የበረዶ ክምር ይሠራሉ። ሚያዝያ ግድም ገበሬው ዘር ሲዘራ ክምሩ ቀስ እያለ ይቀልጥና መስኖ ይሆነዋል። እኔም እንጀራዬ መስኖ ነውና «ሂድና እይ» ተባልኩ።

ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ስለ ሕንድ የምታውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ባጃጅና ፊልም።

«ሕንድ ሞቃት አይደል?»

«ይሄኛው ሕንድ ቀዝቃዛ ነው። ከተማዋ ሌህ ትባላለች። 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት።»

«ጅማስ?»

«1,780 ገደማ።»

ትንሽ አሰበች። «እጥፍ ነዋ!» አለችና ሻሿን አጥብቃ ተነሳች። ያን ቀን እንደተነሳች ናት፤ እስካሁን አልተቀመጠችም።

ማታ ወሬው ቡና ላይ ደረሰ። ሐጂ ጎረቤታችን አቦሉን ሳይጨርሱ «ብርድ የሚገባው በእግር ነው» ብለው ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ አስመጡልኝ። እትዬ ደግሞ የከፍታ መድኃኒቱ ነጭ ሽንኩርት ነው አሉ። በባዶ ሆድ፣ ሦስት ፍሬ። እሱን በልቼ አውሮፕላን ከገባሁ ኦክስጅን የሚያጥረው አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነው። ጡረተኛው መምህር በጃንሆይ ዘመን ሒሳብ ያስተማራቸውን ሕንዳዊ አስታወሱና የጥፊውን ክብደት ተረኩልን። ለጉዞዬ ምን እንደሚጠቅመኝ ግን አልነገሩኝም።

ሁሉም የተስማሙበት ነገር ቢኖር ጃንጥላ ነው። የጅማ ሰው መንግሥተ ሰማያትም ቢሄድ ጃንጥላ ይዞ ነው። እኛ ጋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፣ ሌህ 100 ገደማ። «እዚያ እኮ ዝናብ የለም» ብል ማን ይስማኝ። «አይታወቅም» አሉ። የሰፈራችን የሜትዮሮሎጂ ትንበያ ይኸው ነው፤ አይታወቅም።

ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤት ልጅ ሳቀብኝ። «የኃይሌ አገር ሰው ሆነህ ከፍታ ትፈራለህ?»

ኃይሌ የአሰላ ልጅ ነው። እኔ ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላሳይ ከእንግዳ ጋር ስወጣ ዳገቱ ላይ ሁለቴ ቆሜ መልእክት የመጣልኝ ይመስል ስልኬን የማይ ሰው ነኝ። ደግሞስ የከፍታ ሕመም ሯጭ ነው ብሎ አይምርም። እንዲያውም ጉልበቴ ብሎ እንደደረሰ የሚሯሯጠው ቀድሞ ይወድቃል። ዴልሂ ከባሕር ወለል በላይ 200 ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ በረራ 3,500 ላይ ያወርዱሃል። አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛው ቢሆን ነው። ስለዚህ የሐኪሞቹ ትልቁ ምክር፣ ደርሰህ ሁለት ቀን አትንቀሳቀስ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተኛ ነው።

ይሄንን ለእማዬ ነገርኳት።

«ተኝተህ ለመምጣት ነው ይሄ ሁሉ ቪዛ?»

ሐኪሙ ለከፍታ ሕመም መከላከያ አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አዘዘልኝ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ማዘዣውን አየች፤ ቀጥላ ዓይኔን አየች።

«ግላኮማ አለብህ?»

«ተራራ አለብኝ።»

እውነቷን ነው። መድኃኒቱን ለዓይን ግፊትም ይሰጡታል። እኔ የታዘዘልኝ ግማሽ እንክብል ጠዋት፣ ግማሽ ማታ ነው፤ ወደ ሌህ ከመብረሬ አንድ ቀን ቀደም ብዬ እጀምራለሁ። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ይነዝራል፣ ለስላሳ ስትጠጣ ጋዙ የወጣ ያስመስላል አለችኝ። እትዬ ከዚህ ሁሉ የያዙት ሽንቱን ብቻ ነው። «በበረዶ? በሌሊት? ነጭ ሽንኩርት እንዲህ አያደርግም!»

ቢጫ ወባ ክትባትም አለ። ከኢትዮጵያ ሄደህ ሕንድ ስትገባ ካርዱን ይጠይቃሉ፤ ከተከተብክ ደግሞ አሥር ቀን ማለፍ አለበት። የባጃጁ ልጅ ካርዱን አገላብጦ አየና «ጨዋታው ሳይጀመር ቢጫ አየህ» አለኝ።

ከዝግጅቱ ሁሉ የማልረሳው ግን ጃኬቱን ነው። ጅማ ሱቅ ገብተህ የሂማሊያ ጃኬት አምጡ ብትል ያፍሩልሃል። መርካቶ፣ ሰልባጅ ተራ ሄድኩ። ሻጩ ክምሩ ውስጥ እስከ ብብቱ ገባና እንደ አዋላጅ አንድ ብርቱካንማ ነገር ስቦ አወጣ። ላባ የተሞላ፣ የተነፋፋ፣ ኮፍያው ትራስ የሚያህል።

«ይሄን ለብሰህ ፍሪጅ ውስጥ ማደር ትችላለህ» አለ።

«ስንት ነው?»

«3,500።»

የሌህን ከፍታ ማን እንደነገረው እንጃ። ግማሽ ሰዓት ተከራክሬ 1,800 ላይ፣ ጅማ ከፍታ አካባቢ አሳረፍኩት። ካልለካህ አልሸጥም አለኝ። በእኩለ ቀን ፀሐይ ለበስኩት። ዚፑን እስከ አገጬ ጎተተው። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። ማንጎ የምትሸጠው ሴትዮ ሚዛኗን አቁማ ታየኛለች። አንድ ሊስትሮ «ሮኬት ሊነዳ ነው!» ብሎ ጮኸ። ኪሱ ውስጥ እጄን ሳስገባ የተጨማደደ ካርቶን አገኘሁ። ፊደሉን አላውቀውም፤ ተራራና የሚንሸራተት ሰው ተስሎበታል። ጃኬቱ ከእኔ በፊት በረዶ አይቷል። ከሁለታችን ልምድ ያለው እሱ ነው።

ቤት ስደርስ በብብቱ ስፌት ላባ ያፈሳል። እማዬ «ዶሮው ገና አላለቀም» እያለች ሰፋችው።

ከዚያ አደራው መጣ። እትዬ የእህታቸው ልጅ ሕንድ ነው የሚማረው። «እግረ መንገድህን ይቺን በርበሬ» አሉኝ። ልጁ ያለው ባንጋሎር ነው። ከዴልሂ ባንጋሎር በመኪና መንገድ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ። ይሄን በካርታ አሳየኋቸው። ካርታውን በጥሞና አዩና በርበሬውን ጉልበቴ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ከአዲስ አበባ ስነሳ የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ፣ 46 ኪሎ ነው። ከዴልሂ ወደ ሌህ የሚወስደኝ የአገር ውስጥ በረራ ግን ትኬቴ ላይ 15 ኪሎ ይላል። ይሄን ለሰፈሩ ማስረዳት አልተቻለም። ሰፈሩ የሰማው 46 የሚለውን ነው።

«ስትደርስ ደውል» የሚለውም አለ። ዴልሂ የምትገዛው ቅድመ ክፍያ ሲም ላዳክ ውስጥ አይሠራም። ዋይፋይ እስካገኝ ድምፄ ይጠፋል አልኳት እማዬን። ዝም አለች። ዝምታዋ ቋንጣ ሆኖ ተመለሰ። «በጥቅምት አንድ አጥንት ነው የተባለው ለዚህ አገር ብርድ ነው። ለዚያኛውማ...» እያለች አንድ ፌስታል ሙሉ። የበሬ ሥጋ ሕንድ ማስገባት ክልክል ነው፤ ይወስዱብኛል ስላት ያኔ ነው ስልጠናውን ራሱ የተጠራጠረችው።

ፕሮግራሙ ላይ ካርዱንግ ላ የሚባል መተላለፊያ አለ፤ ከ5,300 ሜትር በላይ ነው። ራስ ዳሸን 4,550 ነው። መኪና ከራስ ዳሸን ጫፍ በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ይሄንን ለእማዬ አልነገርኳትም። አሁንም ይሄን የምታነቡ እንዳትነግሩብኝ።

ትናንት ማታ ሻንጣውን ሐጂ ቡና በሚመዝኑበት ሚዛን መዘንነው። ጃንጥላውን፣ በርበሬውንና ቋንጣውን በብዙ ልመና ካስወጣሁ በኋላ ልክ 15 ኪሎ መጣ። ከዚህ ውስጥ ሦስቱ በሶ፣ ሁለቱ ጭኮ ነው። እማዬ ጓዳ ሆና ሌላ ጭኮ በቅቤ ታሻለች። እኔ ስልኬ ላይ ስለ ምግባቸው አነብባለሁ።

«እማዬ፣ እዚያ ምን እንደሚበሉ ታውቂያለሽ? ገብስ ይቆላሉ፣ ይፈጫሉ፣ በቅቤና በጨው ሻይ ያሹታል። ቲቤቶች ጻምፓ ይሉታል።»

እጇን ከሳህኑ አላወጣችም። «በሶ ነዋ።»

«በሶ ነው። በሶ ይዤ በሶ አገር ልሄድ ነው። ሻዩን ራሱ በእንጨት መናጫ ከቅቤና ከጨው ጋር ይንጡታል። ጉርጉር ጫ ይባላል።»

ይሄም አልገረማትም። ቡናን በጨው የሚጠጣ እኛ ጋ ሞልቷል። «ቅቤው የምን ነው?»

«የያክ።»

«ያክ ደግሞ ምንድን ነው?»

ፎቶ አሳየኋት። ፀጉሩ መሬት የሚጠርግ፣ ቀንዱ የተቆለመመ፣ ጥቁር። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው።

«ይሄ በሬ ነው።»

«አዎ፣ እሱ ወንዱ ነው። ያክ በትክክል የወንዱ ስም ነው፤ የምትታለበው ሴቷ ሌላ...»

«በሬ ከሚታለብበት አገር ነው ምግብ አለ የምትለኝ?»

ጃኬቱን ከሻንጣው አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። «ይሄን ለብሰህ ትሄዳለህ» አለችና በቦታው አንድ ኪሎ ጭኮ ጨመረች።