ተረከዜ የጋራ ንብረት ሆነ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማነከስ የግል ጉዳይ አይደለም። ከቤቴ እስከ ዳቦ ቤቱ ብዙ ቢሆን መቶ ሜትር ነው። በዚያች መንገድ ሦስት ሰው መረመረኝ። አንዱ «ውልቃት ነው» አለ። አንዷ «ብርድ ገብቶብህ ነው» አለች። ሦስተኛው እግሬን እንኳ ሳያይ «ሪህ ነው፤ ሥጋ ቀንስ» አለኝ። ሁዳዴ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሥጋ ከየት አምጥቼ ልቀንስ?

ጥፋቱ የራሴ ነው። ቦርጭ ላጥፋ ብዬ በአንድ ሳምንት ሯጭ ሆንኩ። ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው ወፍራሙ ጅማት እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሥራ አይወድም። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እንደ ደረቀ ጠፍር ይገተራል። ትንሽ ስራመድ ይለሳለሳል። እኔም ድኗል ብዬ እሮጣለሁ። ማታ የእጄን ይሰጠኛል።

ጎረቤቴ እማማ «እኔን!» ብለው ወጌሻ አስጠሩልኝ። ሰውየው ለውልቃት እጁ የተመሰከረለት ነው፣ አልክድም። ግን የእኔ አጥንት ከቦታው አልወጣ! ቅቤ ቀብቶ ያበጠውን ጅማት በአውራ ጣቱ አሸው። በማግስቱ ተረከዜ ሌላ ተረከዝ ወለደ።

በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄድኩ። መርፌ አልወጋኝም። ስቴሮይድ የሚሉት እብጠት አጥፊ መድኃኒት እዚህ ጅማት ላይ ከተወጋ ሊበጥሰው ይችላል አለ። ሩጫውን አስቆመኝ። ከዚያ ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቼ ቆሜ ተረከዜን ቀስ እያልኩ ወደ ታች እንዳወርድ አዘዘኝ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ 12 ሳምንት። ዘዴው በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ የአልፍሬድሰን፣ የስዊድናዊው ሐኪም ነው። የራሱ ጅማት ታሞ አለቃው ቀዶ ጥገና አላደርግልህም ቢለው፣ ጅማቱ ብሶበት ተበጥሶ በግድ እንዲቀደድ ብሎ እግሩን በዚሁ እንቅስቃሴ ሲያሠቃይ ዳነ ይባላል። ይህን ሰው ወደድኩት።

እማማ ግን አልተዋጠላቸውም። «ደረጃ ላይ ቁም ብሎ ነው ብር የተቀበለህ?»

አሁን ማታ ማታ በረንዳዬ ጫፍ ላይ እወጣለሁ። አላፊው ሁሉ «ማንን እየጠበቅህ ነው?» ይለኛል። እማማ በርጩማ አውጥተው ይቆጥሩልኛል። አሥራ ሦስት... አሥራ አራት... ልክ እዚህ ላይ የሚያውቁት ሰው ያልፋል። ከብቱ፣ ልጁ፣ አዝመራው ሁሉ ደህና መሆኑ ተጠይቆ ሲያበቃ ወደ እኔ ይዞራሉ።

«ስንት ላይ ነበርን? ተወው፣ ከአንድ እንጀምር።»