ማስተካከያ፦ 48 ቮልት ማለት ባትሪው ደህና ነው ማለት አይደለም

ባለፈው ስለ ቤዝ ስቴሽን (የሞባይል ኔትወርክ ጣቢያ) ጥገና ስጽፍ «መብራት እያለ ሜትሩ 48 ቮልት ካሳየ ባትሪው ደህና ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። 48 የሲስተሙ መጠሪያ ቁጥር ነው እንጂ የጤና ምልክት አይደለም።

አራት ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው ሬክቲፋየሩ (የመብራቱን ኤሲ ወደ ዲሲ የሚቀይረው ቻርጀር) እየሞላቸው ከሆነ፣ 54 ቮልት አካባቢ መነበብ አለበት። 48 ካሳየ ጣቢያው ባትሪውን እየበላ ነው። ቶሎ ወደ ብሬከሩና ወደ ሬክቲፋየሩ ሂዱ።

54 ስታዩም አትዘናጉ፤ ያ የቻርጀሩ ቮልቴጅ ነው። የመብራቱን ብሬከር አጥፉና ጣቢያው በባትሪ እየሠራ እያንዳንዱን ለየብቻ ለኩ። ሦስቱ 12.4 ላይ ቆመው አንዱ ወደ 10.8 ከወረደ፣ ጥፋተኛው ተገኘ። (ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ለመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ደውሉ። አላርሙ የሚጮኸው እነሱ ጋር ነው።)

አንድ ሌላ ስህተትም አለ። «ኔጌቲቩ ከመሬት ጋር ይታሰራል» ብያለሁ። በዚህ ሲስተም መሬት የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፤ ለዚህም ነው ከ48 ፊት የመቀነስ ምልክት የሚጻፈው። የመኪና ባትሪ ልማድ ነው ያሳሳተኝ፣ ይቅርታ።