እርማት፦ «በዚህ ዕድሜ ቀዶ ሕክምና አይቻልም» ለተባለው

«እናታችን ሰማንያ አልፏቸዋል፤ የተሰበረ ዳሌያቸውን ወጌሻ ይሽልን እንጂ ደሴ ወስደን አናስቀድድም» ላልከው፦ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በዚህ ስብራት አረጋውያንን ይበልጥ የሚጎዳው ተኝቶ መቅረት ነው፤ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት፣ የአልጋ ቁስል ይከተላል። የጭን አጥንት አንገት (ከዳሌ ጋር ከሚጋጠመው ክብ ራስ በታች ያለው ቀጭን ክፍል) ሲሰበርና ከቦታው ሲለቅ ለአጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱት ሥሮችም ይጎዳሉ፤ መታሸት ደግሞ ይብሱን ያፈናቅለዋል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የአጥንቱን ራስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ የሚተካው። ማደንዘዣውም ከወገብ በታች ብቻ ሊሆን ይችላል።

እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ አታስነሷቸው። በእግሮቻቸው መሀል የታጠፈ ጋቢ አድርጋችሁ የተጎዳውን እግር ከጤነኛው ጋር በለስላሳ ጨርቅ እሰሩት። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ፣ ይዛችሁ ሂዱ። ግቡ በ48 ሰዓት ውስጥ መታከም ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ምርመራው በታወቀ በ6 ሰዓት ገደማ መቀደድ በ24 ሰዓት ገደማ ከመቀደድ ይልቅ ሞትን እንዳልቀነሰ፣ ድንገተኛ የአእምሮ መዛባትን (ግራ መጋባትን) ግን እንዳሳነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ሾፌሩን ቁልቁለት ላይ አታስሩጡት፤ ሳምንት ግን አትጠብቁ።