ማስተካከያ፦ ፔሰር (PACER፣ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ በኢንተርኔት የሚታይበት) ላይ የሰውዬው ስም ከሌለ «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም

አሜሪካ ባሉ ወገኖች መካከል የሚዘዋወር አንድ መልእክት «ሰውዬው ተከሶ የሚያውቅ ከሆነ ፔሰር ላይ ይወጣል፤ ከሌለ ንጹሕ ነው» ይላል። ስህተት ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ራሳቸው በድረ ገጻቸው እንዳብራሩት፣ ፔሰር የያዘው የፌዴራል መዝገቦችን ብቻ ነው። ፍቺ፣ የኪራይ ክርክርና አብዛኛው የወንጀል ክስ የሚገኘው በየስቴቱ ፍርድ ቤት ነው። ሜሪላንድ ለምሳሌ የራሷ ነጻ መፈለጊያ አላት። ፔሰር ግን በገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል፤ በሦስት ወር ውስጥ ሒሳቡ ከ30 ዶላር ካልበለጠ ግን ክፍያው ይቀርላችኋል።

መልእክቱን አምናችሁ ተከራይ ወይም ሞግዚት የመረጣችሁ፣ ሰውዬው የኖረበትን ስቴት መዝገብም እዩ። ስሙን በተለያየ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሞክሩት፤ የእኛ ስም በአንድ ፊደል ይጠፋል። ከተገኘም ቶሎ አትፍረዱ፣ ሞክሼ ሞልቷል።