«ሰው የለኝም»

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ነው። 38 ዓመት አልጋ የያዘው በሽተኛ ጌታን «ሰው የለኝም» ያለበት ወንጌል (ዮሐንስ 5) ይነበባል። ስደት ላይ ያለ ምእመን ይህ ቃል የራሱ ይሆንበታል።

ሀዋሳ ላይ ሐዘን ሲገባ ዕድሩ ድንኳንና ወንበር ይዞ ይደርሳል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ካህኑ ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳል። ከሠልስት እስከ አርባ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ ሥራ ያጣውም የታመመውም ሕዝቡ መሐል ቆሞ የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ይሰማል። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል እሳቱ ውስጥ የተጣሉት ሦስት ሆነው ነበር።

አሜሪካ ብዙ ቦታ ቅዳሴ ያለው እሑድ ብቻ ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው አንድ እሑድ ይቀራል፣ በሁለተኛው ያፍራል፣ በሦስተኛው የስልክ ሥርጭቱ ይበቃኛል ይላል። እምነት ሲላላ የማየው በክህደት ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው፤ ያሳዝነኛል።

ከአቅም በላይ መጀመርም ይጥላል። መከራ ሲመጣ ሰባቱንም የጸሎት ሰዓት አደርሳለሁ፣ በዚያ ላይ ዳዊቱን በሙሉ እደግማለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይደክማል፤ ከዚያ እግዚአብሔርንም እንዳሳዘነ ቈጥሮ ሁሉንም ይተዋል። የዘወትር ጸሎትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ለመጀመሪያ በቂ ነው። ሲለመድ አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ይጨመራል። ሌሊት የሚሠራ ከሥራ ሲመለስ፣ ሳይተኛ በፊት ያድርስ፤ ከእንቅልፍ በኋላ ያለው ሰዓት በጉዳይ ይበላል። ጾሙን በተመለከተ የሥራ ሰዓቱንና የሚወስደውን መድኃኒት ለንስሐ አባቱ በግልጽ ይንገር። በተለይ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙንም ሳያማክር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቈይ አይበል።

የቀረው የማኅበሩ ድርሻ ነው። ሁለት እሑድ የጠፋን ሰው «እንዴት ነህ?» ብሎ መደወል አይበቃም፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋዋል። «ማክሰኞ ስንት ሰዓት ትወጣለህ?» ብሎ ጠይቆ ምግብ ይዞ መሄድ፣ መኪና ከሌለው እሑድ የሚወስደውን ሰው በስም መመደብ ይሻላል።

ሀዋሳም ብትሆን ሁሉንም አላቀፈችም። በ2008 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር መጥተው በየክፍሉ ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ ዕድር የላቸውም። አንዷ ብትታመም የሚያስታምማት አብራት የተከራየችው ልጅ ናት፤ እሷም ፈረቃዋ ሲደርስ ትወጣለች። እነዚህን በየሰፈሩ ያሉ የጽዋ ማኅበራት ያለ መዋጮ ቢቀበሏቸው፣ ለታመመችውም በተራ ሰው ቢመድቡላት ይቻላል።