ህብረት ማለት መቀላቀል አይደለም
ወንድሜ «ኦርቶዶክስ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተቀምጣ አታውቅም፣ ይሄ የዘንድሮ ፈሊጥ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በፈረንጆቹ 1948 አምስተርዳም ላይ ሲመሰረት ከመስራቾቹ አንዷ የእኛዋ ተዋሕዶ ነች፣ መካነ ኢየሱስ እንኳን የገባችው በ1979 ነው እኮ። ደሞ አባል መሆን ቅዳሴ መደባለቅ፣ አብሮ መቁረብ ምናምን አይደለም፣ ጉባኤው ራሱ በ1950 ቶሮንቶ ላይ ከአብያተ ክርስቲያናት በላይ የሆነ ቤተክርስቲያን እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ሩቅ ምን አስኬደን፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ እኛ ሰፈር እድር ብትመጣ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም እኩል የድንኳን ካስማ ሲመታ ታያለህ፣ ቀኑ ረቡዕ ከሆነ ሽሮው ለሁሉም ነው (ጴንጤዎቹም አያጉረመርሙም ሃሃ)፣ የኦርቶዶክሱን ፍትሃት ግን ያው ቄሱ ናቸው የሚያደርሱት።