ማታ ዘፋኝ፣ ጠዋት ተቺ

በሳምንት ሁለት ማታ አዳማ ውስጥ አንድ የባህል ምሽት ቤት እዘፍናለሁ። በቀሩት ማታዎች ሌሎቹን ቤቶች እዞራለሁ፤ ያየሁትንም እጽፋለሁ። "በሁለት ቢላዋ ትበላለህ" የሚሉኝ አሉ። ዘፋኝ ሲተች ጓደኛውን ያሞካሻል፣ ተፎካካሪውን ይነክሳል ነው ነገሩ። ስጋታቸው ባዶ አይደለም። ግን እኔ ካልጻፍኩ ማን ይጽፋል?

አሁን የምሽት ቤት ሥራ የሚመዘነው በሽልማት ነው። ግንባር ላይ የምትለጠፈዋን ብር ማለቴ ነው። አዳማ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት። ቀን ሥልጠና ላይ ያንቀላፋው ሁሉ ማታ ውሎ አበሉን ይዞ ወደኛ ይመጣል። የፊተኛው ጠረጴዛ ከየት እንደመጣ በሁለት ደቂቃ ይታወቃል። የጎጃም ሰው ከሆነ የጎጃም ይዘፈናል፤ የአርሲ ከሆነ የአርሲ። 200 ብሯ ከላብ ጋር ግንባር ላይ ስትጣበቅ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዓይኑን ከቁልፎቹ አንስቶ ይቆጥራል። አይፈረድበትም፣ ኋላ ይካፈሏታል። ብሯ ግን የምትናገረው ስለ ሰጪው ናፍቆት ነው። በባቲ ጀምሮ በየትኛው ቅኝት እንደጨረሰ ያልታወቀ ዘፋኝ ሲሸለም ስንቴ አይቻለሁ። አንዳንዴ ያ ዘፋኝ እኔው ነበርኩ።

ዘፍኖ መጻፍ አዲስ ነገርም አይደለም። ፓሪስ ውስጥ ሻ ኗር፣ ማለትም ጥቁር ድመት የተባለው ካባሬ (የዘፈንና የግጥም ምሽት ቤት) እ.ኤ.አ. በ1881 ተከፍቶ በ1882 የራሱን ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። መድረኩ ላይ ግጥም የሚያነቡት ሰዎች ጋዜጣው ላይም ይጽፉ ነበር። እኛ ዘንድማ ጋዜጣም አላስፈለገም። ታዳሚው "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በሰምና ወርቅ መልሶ ይሸነቁጣል።

በቅርቡ ስለ አንድ ቤት ጻፍኩ። ማሲንቆ ያላት አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ናት። ኪቦርዱ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ዋሽንቱንም ልሁን ብሎ ሲጮህ ማይክ ቢተከልላትም ትሰጥማለች። ማይኩ ላይ የተጫነው ኤኮ ደግሞ ግጥሙን የገደል ማሚቶ አድርጎታል። ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አይሰማም። ከጠረጴዛ ሆኖ ለሚሰማ ሰው "ሙዚቃው ጮኸ" ነው፣ በቃ። እኔ ግን መድረክ ላይ ቆሜ የራሴን ድምፅ ያጣሁበት ማታ ብዙ ስለሆነ የቱ ቁልፍ ዝቅ ማለት እንዳለበት አውቃለሁ። ዘፋኝ መተቸት አለበት የምለው ለዚህ ነው። በእርግጥ ልጓም ያስፈልገዋል። የምሠራበትን ቤት አልነካም። በምጽፍበት ቤት የጠጣሁትን ራሴ እከፍላለሁ፣ ባለቤቱ "ተወው" ቢልም።

በሳምንቱ እዚያው ቤት ተመልሼ ሄድኩ። አዝማሪው ገና ከበር አየኝ። ማሲንቆውን እየገዘገዘ መጥቶ ፊቴ ቆመ፦

ሌሊት አብሮን ዘፍኖ ጧት የሚተቸን ሰው፣
የሱን ዜማ ሰምቶ ማን ነው የሚወቅሰው?

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፣ ጆሮዬ ግን ግሏል። 100 ብር አውጥቼ ግንባሩ ላይ ለጠፍኩ። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ስንኙ አንድም ቃል ሳይጠፋ የተሰማኝ ኪቦርዱ ዝቅ ብሎ ስለነበር ነው።